«የለም» እና «አላየሁም»

እህል በረንዳ ገብቶ ሰርገኛ ጤፍ የሚሻ ሰው በየመጋዘኑ እየዞረ ጆንያ አያስፈታም፤ ደላላ ይጠይቃል። ደላላው የት ምን እንዳለ በቃሉ ይዟል። ያልረገጠውን መጋዘን ግን አያውቅም። «ሰርገኛ የለም» ቢል፣ «በዞርኩበት አላየሁም» ማለቱ ነው።

ኮምፒዩተሬም ደላላ አለው። ሊነክስ በሚባለው ሥርዓት «አፕዴትዲቢ» የተሰኘው ፕሮግራም በየዕለቱ ዞሮ የፋይሎችን ስም ይመዘግባል፤ «ሎኬት» ደግሞ መዝገቡን አይቶ ይመልሳል።

ባለፈው ዓመት በዚያው ሰፈር ከአንድ አዛውንት ተሸካሚ ጋር ያደረግሁትን ቃለ ምልልስ በስሙ ብፈልገው መልስ አጣሁ። አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የቀረኝ ድምፃቸው ነው።

ቅጂው ያለው ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ነበር። እኔ የምጠቀምበት ኡቡንቱ እንዲህ ያለውን ዲስክ «ሚዲያ» ከተባለ ማኅደር ሥር ያሳየዋል፤ መዝጋቢው ደግሞ ያንን ማኅደር እንዲዘል አስቀድሞ ታዟል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተሰኪ ዲስክ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንድ ማኅደር በሁለት ቦታ እንዲታይ ሲደረግም፣ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር አንደኛው ይዘለላል።

«አፕዴትዲቢ ዶት ኮንፍ» ከተባለው ፋይል ውስጥ፣ ከሚዘለሉት ዝርዝር፣ «ሚዲያ»ን አወጣሁና መዝገቡን አሳደስኩ። ድምፁ ተገኘ። ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ መዝገቡ ቢታደስ ግን ስሙ ተመልሶ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለዲስኩ የራሱን መዝገብ አበጀሁለት።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ሰውም ይሁን ማሽን «የለም» ሲልዎ ከማዘንዎ በፊት «የት የት ደርሰህ መጣህ?» ይበሉት።