የጨዋታው ወርቅና የእኛ ገበያ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያና ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ ከኮንና ከአካባቢዋ የመጣን እጩ መምህራን ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ እንጽፋለን። «ሥራ ፈቶች!» አትበሉን፤ ነገሩ የሒሳብ ነው።

ጨዋታው ዲያብሎ ይባላል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከአሜሪካ የወጣ፣ ዛሬ በአሮጌ ኮምፒዩተርም የሚሠራ ነው። ትሪስትራም ከሚባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ሥር 16 ደርብ ወደ ታች የሚወርድ ጨለማ አለ፤ መጨረሻው ሲኦል ነው። ላሊበላ ላይ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን ጨለማ መተላለፊያ ግድግዳ እየዳበሰ ያለፈ ሰው ስሜቱ ይገባዋል (ያኛው የጸሎት፣ ይኸኛው የጨዋታ ነው፤ አናምታታም)። ተጫዋቹ ይወርዳል፣ ከአውሬ ጋር ይዋጋል፣ ወርቅ ይለቅማል፣ ወጥቶ ይገበያያል።

ታዲያ ወርቁ ቦታ ይይዛል! ቦርሳው 40 ክፍል አለው፤ በአንዱ ክፍል ከ5,000 በላይ ወርቅ አይገባም። ቦርሳውን በወርቅ ያጨቀ ሰው ትርፍ መድኃኒት የሚያኖርበት ያጣል። በወርቅ ላይ ተቀምጦ የ50 ወርቅ መድኃኒት አጥቶ የሚሞተውን ስንቱን አየነው! ብልህ የሆነው አስቀድሞ 200 ወርቅ አውጥቶ ወደ መንደር የሚመልሰውን ጥቅል ጽሑፍ ይገዛል፤ ቀጥሎ ሰይፉን ያሳድሳል፤ የተረፈውን መንደር ሜዳ ላይ አራግፎት ይሄዳል። የሚነካበት የለም። ዊርት የሚባል ባለ እንጨት እግር ልጅ ደግሞ ዕቃውን ለማሳየት ብቻ 50 ወርቅ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ኮን ገበያ ቢመጣ ምን እንደሚጠብቀው እናንተው ገምቱ።

ገንዘብ ሸክም መሆኑን አባቶቻችን ያውቁታል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ ይወጣ ነበር። ይሰበራል፣ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ይሁንና ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ከጎኑ ሲሠራ እንኳ ለትንሹ ግብይት አሞሌው አልቀረም። ገንዘብ የሚያደርገው የሰው መፈለግ ነው።

ይኸው ነገር በጨዋታውም ደረሰ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በሁለተኛው ዲያብሎ ወርቁ እንደ አሸዋ በዛ፤ ደህና ነገር ግን አይገዛም። ስለሆነም ተጫዋቾቹ ማንም ሳያዛቸው የዮርዳኖስ ድንጋይ የተባለውን ቀለበት ገንዘብ አደረጉት። ከዚያ አጭበርባሪዎች ቀለበቱን በማታለል ማባዛት ጀመሩ፣ እሱም ረከሰ። በሦስተኛው ዲያብሎ በ2012 በእውነተኛ ገንዘብ የሚገበያዩበት ገበያ ተከፈተ፤ ሰዉ ዋሻውን ትቶ ገበያው ላይ ተጣደ። በ2014 ባለቤቶቹ ራሳቸው ዘጉት። እኛ እንደሆንን ደግ አደረጉ እንላለን።

ጨዋታው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ክረምት የለውም። የመድኃኒቱ ዋጋ ሁልጊዜ 50 ነው። ወላጆቻችን ግን ገብሱ በጥር ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ በነሐሴ ደግሞ ስንት እንደሚገባ ያውቃሉ። ጎተራው ሲሟጠጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጉን እየነዳ ገበያ ይወጣል፤ በጉ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል። እኛን ለትምህርት የላከን ብር አብዛኛው ከዚሁ ከክረምት በግ የተገኘ ነው። ነገ ደሞዝተኛ ስንሆን የመጀመሪያዋ ደሞዝ ለጫማ ትሁን ወይስ በጉ በክረምት እንዳይሸጥ ለእህል ትላክ? በመኝታ ክፍላችን እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር ነው። ግማሾቻችን ጫማ የሌለው መምህር አይከበርም ባይ ነን።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ 40ውን ክፍል በጠመኔ ሥለን ለአምስተኛ ክፍል ልጆች አቀረብንላቸው። ቦርሳው ቢሞላ ስንት ወርቅ ይይዛል? 200,000 ብለው ወዲያው መለሱ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፦

«መምህር፣ ሰውዬው እህል አይበላም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቷን ነው፤ በጨዋታው ውስጥ አይበላም። እኛም 6 ክፍል ለስንቅ ትያዝ፣ ስንት ወርቅ ይቀራል ብለን ጻፍን። ልጆቹ ግን ወሩ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ነሐሴ ነው አልናቸው። እንግዲያው 6 አይበቃም፣ 10 ይሁን ብለው ተስማሙና 150,000 ብለው ጻፉ።