ትርጉሙን ሸምድደዋል፤ ውኃቸውንስ ያውቁታል?

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐረግ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የዛሬው ትውልድ የራሱን ጉድለት ሲሞላ የመጪውን ትውልድ ድርሻ አይብላ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 ያሉትን ዐሥር ዓመታት ለዚሁ ትምህርት ሰይሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቁት ግቦች ደግሞ ተማሪዎች ሁሉ እስከ 2030 ድረስ ይህን ዕውቀት እንዲያገኙ ታስቧል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ሁሉ ውሳኔ ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን ይመስላል? ይህን ለማወቅ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በሐረማያ አካባቢ ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርኩ መምህራንንና ተማሪዎችን ጠየቅሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ የዘላቂ ልማትን ትርጉም በእንግሊዝኛ ሳይሰናከሉ አነበነቡልኝ። በኦሮምኛ «የምትጠጡት ውኃ ከየት ይመጣል?» ስላቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «ከቧንቧ ነዋ፣ ኡስታዝ!» ስትል ሁሉም ሳቁ።

ይህ መልስ የተሰጠው በሐረማያ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ሐይቁ ለረጅም ዓመታት ሐረር ከተማን ሲያጠጣ ኖሯል። ገበሬውም በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አልምቶበታል። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ሞላበት። በመጨረሻም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት ደረቀና የከብት መሰማሪያ ሆነ። ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ ትልቅ ጸጋ ነው። ዳሩ ግን እንዴት እንደሄደ የማያውቅ ልጅ የመጣውን እንዴት ይጠብቀዋል?

ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር አቀረብኩላቸው። «ታሪኩ ሳይጠፋኝ ቀርቶ አይደለም» አሉኝ። «ሐይቁ ለምን ደረቀ ብዬ ስጀምር የልጁን አባት ጫት ማንሳቴ ነው። የልጁ ደብተር የተገዛው ደግሞ በዚያው ጫት ነው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘላቂ ልማት በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ማንንም አያስቆጣም፤ ወደ ደጃፋችን ሲቀርብ ግን የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህም መምህሩ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያልፋል፤ ተማሪውም ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል።

ይሁንና ሌላ መንገድም አይቻለሁ። አንዲት መምህርት ተማሪዎቻቸውን «አያቶቻችሁን ሐይቁ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ጠይቃችሁ ኑ» ብለው ላኳቸው። በማግሥቱ ክፍሉ በክርክር ተሞላ። አንዱ ልጅ «አባቴ ሞተር ባይገዛ ምን እንበላ ነበር?» አለ። አንዷም «የእኛ ጉድጓድ ውኃው እየራቀ ሁለት ጊዜ ተቆፈረ» ስትል መለሰችለት። መምህርቷ ለማንም አልፈረዱም። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጽፈው «ታዲያ ሁለታችሁም እንድትኖሩ ምን ይደረግ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጆቹ ስለ እርከን፣ ውኃ ስለሚቆጥብ መስኖ፣ በተራ ስለመሳብ ተነጋገሩ። የዛሬው ፍላጎትና የነገው ድርሻ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

እኛም በመድረሳ ዉዱእን በቃል ብቻ አናስተምርም። ልጁ ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ውኃ ሳያባክን እንዲታጠብ እናሳየዋለን፤ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ማባከን እንደማይገባ የሚገባው እጁ ሲለምድ ነው። ነገር ግን ከትምህርቱ ወጥቶ የመስጊዱን ቧንቧ ክፍት ትቶ ከሄደ ትምህርቱ ከምላሱ አልወረደም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ትርጉሙን ከማስጻፋችን በፊት ልጆቹን ወደ ምንጩ፣ ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ ሐይቁ እንውሰዳቸው። ወላጆችም ልጃችሁ ማታ ስለ ሞተሩ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት፤ የሚጠይቀው ነገ የሚጠጣውን ውኃ ነውና።