የአንድ ጋጣ ተስፋ

ፈረስ ያለው ቤት ዓመቱን የሚቆጥረው በሁለት ቀን ነው፤ በጥር 11 እና በጥር 23። ሌላው ቀን ሁሉ ወይ ወደነዚህ መሄጃ ነው፤ ወይ ከነዚህ መመለሻ። ይህን ስንል የከተማ ልጆች የሆናችሁ ጓደኞቻችን ትሥቁብን ይሆናል። ግን እናንተስ ብትሆኑ ዓመቱን የምትቆጥሩት በሁለት ፈተና አይደለምን? እንግዲያው ነገራችን ያን ያህል አይራራቅም።

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ አንዳችን የሦስተኛ ዓመት፣ አንዳችን የአንደኛ ዓመት ተማሪ። አገራችን አዊ ነው፤ ቤታችንም ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ይገኛል። የምንጽፈው ስለ አያታችን ጋጣ ነው። ጋጣ ሲባል እንደ ነገሥታቱ ዘመን ባልደራስ የተሾመበት፣ አሽከር የሚርመሰመስበት እንዳይመስላችሁ። ከመኖሪያው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ሦስት ፈረስ የሚያድርበት ጎጆ ነው። ባልደራሱም፣ አሽከሩም፣ ሐኪሙም አያታችን ናቸው። ቢሆንም ኅዳር ሲጠባ በዚያች ጎጆ ውስጥ የሚወራው ተስፋ፣ በትልልቅ የዓለም ከተሞች የእሽቅድምድም ፈረስ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከሚያወሩት ያንሳል ብለን አናምንም። የትኛው ለየትኛው ቀን ይደርሳል? የማን እግር ተሻለው? ማን ይጫናል? ማንስ ይረፍ?

አስቀድመን ቀኖቹን እናስተዋውቅ። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ታቦቱ ወንዝ ዳር አድሮ ሲመለስ ፈረሰኛው ያጅባል፤ ሜዳ ሲገኝም ይጋልባል። ለእኛ ቤት ግን ጥምቀት መሞከሪያ ነው። ዋናው ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ የሚመጣው፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚውለው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። ዓላማውም ዓድዋ ድረስ ዘምተው የተዋጉትን አባቶችና አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ማሰብ ነው። ሰውን የሚያስብ ማኅበር ሞልቷል፤ ፈረስን ጭምር የሚያስብ ግን ከዚህ ሌላ አልገጠመንም። በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱ ተከብሯል። ዓድዋ የዋለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ጥር 23ም የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ጊዮርጊስን ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የምናየው ከነጭ ፈረሱ ጋር ነው። አያታችን ስለ ቀኑ ሲጠየቁ ሌላ ማብራሪያ አይሰጡም፤ "ባለ ፈረሱ ራሱ የመረጠው ቀን ነው" ብለው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጋጣው እንግባ።

አንደኛው ሽማግሌው አምባላይ ነው። ከሁለታችን ከታናሹ ጋር በአንድ ክረምት ተወለዱ ይባላል። ለጥር 23 ብዙ ጊዜ ተሰልፏል፤ ከበሮ ቢመታ፣ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ጅራፍ ቢጮህ ጆሮውን እንኳ አያቆምም። በእሱ ላይ ያለው ተስፋ ትንሽ ነው፤ ግን አያሳፍርም። ሰልፉ ውስጥ ገብቶ፣ በሶምሶማ ሜዳውን ዞሮ፣ በሰላም ይመለስ፤ በቃ። ጀርባው ላይ የድሮ የኮርቻ ቁስል ጠባሳ አለ። አያታችን ግላሱን ከማልበሳቸው በፊት ያቺን ቦታ በእጃቸው ይዳስሱና "ይቅር በለኝ" ይሉታል። በየዓመቱ ነው ታዲያ።

ሁለተኛዋ ዳማዋ ባዝራ ናት። በእኛ አገር በበሬ ብቻ ሳይሆን በፈረስም ይታረሳል፤ እሷ ታርሳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። በዓል ላይ ግን አትወጣም፤ በጥር ወሬ ውስጥም ስሟ አይነሣም። የጋጣው ቀለብ የሚታረሰው ደግሞ በእሷ ጉልበት ነው። እናታችን፣ "ወንዶቹ የሚያጌጡት ዳማዋ ባረሰችው ነው" ትላለች። ይህን ስትል የምታወራው ስለ ፈረስ ብቻ እንዳልሆነ ለሁላችንም ይገባናል፤ ስለዚህ ዝም እንላለን።

ሦስተኛው የዳማዋ ልጅ ቦራው ነው። አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጥርሱ ሞልቷል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጅባራ ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው እሱ ነው። የቤቱ ዐይን ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ፈረስ ለበዓል እንዴት እንደሚሰናዳ ያላያችሁ ትኖራላችሁ። ክረምቱን ሣር ጠግቦ የወጣ ፈረስ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ሆዱ የሣር ሆድ ነው፤ ጥቂት ሲሮጥ ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ እየተቀነሰ ገብስ ይሰጠዋል። ጎሕ ሳይቀድ፣ ውርጩ ሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ ይወጣል፤ መጀመሪያ በርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ቆይቶ በደንገላሳ። ሽምጥ ግልቢያ የሚፈቀድለት መጨረሻ ላይ ነው። ሲመለስ ኮቴው ይታያል፣ ጀርባው ይታሻል፣ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ አይሰጠውም። ሰው ሁሉ ፈረስን ማስሮጥ ከባድ ይመስለዋል። ከባዱስ ማቆሙ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብና ፈረስ መሐል፣ ግራና ቀኙ እየዘለለ፣ እሱ ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ መቆም አለበት።

ጉግሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል፤ አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ባባረረበት ፍጥነት ዞሮ መሸሽ የማይችል ፈረስ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ለጉግስ አይሆንም። ቦራው ቀጥታ ላይ ነፋስ ነው። መዞሩ ላይ ነው ጣጣው፤ በቀኝ እሺ ይላል፣ በግራ ይግደረደራል። የሚገራው አጎታችን ነው፤ "ግራውን ገና አላመነውም" ይላል። ይህን ስንጽፍ ታኅሣሥ ነው፤ አንድ ፈረስ ግራውን እንዲያምን የቀረው ጊዜ አንድ ወር ቢሆን ነው።

አንዳንድ ጓደኛ፣ "ለመሆኑ ሽልማቱ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቀናል። ጥያቄው ደግ ነው፤ መልሱ ግን በብር አይመጣም። የአገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። ጌታው ካለፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የፈረሱ ስም ባሕር ተሻገረ ማለት ነው። እንግዲህ ፈረስ በእኛ ዘንድ የሰው ስም የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

አያታችን ጌታ አይደሉም፤ ገበሬ ናቸው። ቢሆንም ሰልፉ ውስጥ ፈረሱ የታየለት ቤት "አለ" ይባላል። ያልታየለት ቤት ደግሞ፣ "እነ እገሌ ዘንድሮ የሉም እንዴ?" ይባልለታል። የአያታችን ተስፋ ይቺው ናት፤ "የሉም" እንዳይባል። ማሸነፍ ቢመጣ ምርቃት ነው።

"የሉም" የሚባለው ቤት ግን በመንደራችን እየበዛ ሄዷል። ምክንያቱ ፈረስ መጥላት አይደለም። ፋግታ ለኮማ ወረዳ የደረሰ ሰው ዐይኑን የሚሞላው ዲከረንስ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ይተከላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። አፈሩ ኮምጥጦ ገብስ አልሰጥ ያለው ገበሬ ከዚህ ዛፍ ጋር ቢታረቅ ማን ይፈርድበታል? ብዙ ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ብዙ ልጅ ያስተማረ ዛፍ ነው፤ እኛንም ጨምሮ። ነገር ግን ዛፉ በቆመበት ፈረስ አይጋልብበትም። ሜዳው እየጠበበ ሲሄድ ፈረሱ መጀመሪያ ግጦሹን፣ ቀጥሎ መሮጫውን አጣ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ዛፉን ራሱን በሽታ ገባበት፤ ያለ ጊዜው ይደርቅ ጀመር። አባታችን ዛፉንም ፈረሱንም ተስፋ አድርገው ነበር፤ አንደኛው ሲታመም ሌላኛው ላይ ዐይን መጣሉ አይቀርም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ደወሉልን።

"ቦራውን አንድ ነጋዴ ጠይቆታል" አሉ። "የሚሰጠው ዋጋ የአንዳችሁን ዓመት ይችላል። አባባ አይሸጥም ብለዋል። እናንተ ተምራችኋል፤ እስቲ ፍረዱ።"

ፍርድ ከባድ ነው፤ ዳኛው ራሱ ባለጉዳይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የቦራው ገብስና የእኛ መሳፈሪያ የሚወጣው ከአንድ ጎተራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቢያበላንና ቢያሳድረንም ልብሱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ሳሙናው፣ የመኪናው ከቤት ነው። አስተካክለን ከቆጠርነው አባታችን ቀለብ የሚያካፍሉት ለሦስት ሳይሆን ለአምስት ነው፤ ሦስቱ ጋጣ ውስጥ ያድራሉ፣ ሁለታችን ዶርም ውስጥ እናድራለን። በሁላችንም ላይ ተስፋ ተጥሏል። ልዩነቱ ቦራው ተስፋ እንደተጣለበት አያውቅም፤ ውርጩ ላይ ሲያወጡት ይሮጣል፣ ሲመልሱት ይበላል። እኛ እናውቃለን። ሌሊት መጽሐፍ ገልጠን ስንቀመጥ ሰው ሜዳው ዳር ቆሞ የሚያየን ይመስለናል። ከገጠር የመጣችሁ ጓደኞቻችን ይህን ስሜት አሳምራችሁ የምታውቁት ይመስለናል፤ ለዚህ ነው ስለ ፈረስ የጀመርነውን ወሬ እዚህ ድረስ ያመጣነው።

ያን ሌሊት ተከራከርን። ታላቁ፣ "ይሸጥ፤ ፈረስ ይወለዳል፣ ትምህርት ካመለጠ አይመለስም" አለ። ታናሹ፣ "ዳማዋ አርጅታለች፤ ሌላ አትወልድም። ቦራው ከሄደ ጋጣው የሽማግሌ ቤት ነው፤ አምባላዩ በሞተ ማግስት እኛም የሉም ከሚባሉት ነን" አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለት እውነት ሲጋጭ ደግሞ የሚያስታርቀው ብዙ ጊዜ ሌላ ትልቅ እውነት አይደለም፤ የገበያ ብልሃት ነው። በማግሥቱ ደውለን እንዲህ አልን፦

"ከጥር 23 በፊት አይሸጥ። ጋጣ ውስጥ ያለ ፈረስ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ሜዳ ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚቆርጠው ባለቤቱ ነው። ይታይና እንነጋገርበታለን። እስከዚያው እኛ እዚሁ ልጆች እያስጠናን የመሳፈሪያችንን እንችላለን።"

አባታችን ደስ አላቸው። "ይኸዋ! ትምህርት ማለት ይሄ ነው፤ ዋጋው እጥፍ ይሆናል" አሉ። ለአያታችን ሲነገራቸው እሳቸውም ደስ አላቸው አሉ። "ልጆቹ ልባሞች ናቸው። እንጅባራ ሜዳ ላይ የታየ ፈረስ ደግሞ ማን ይሸጣል?"

እንግዲህ በአሁኑ ሰዓት ጋጣው ሰላም ነው። አባትና ልጅ አንዱን ፈረስ ለሁለት የተለያየ ተስፋ በአንድ ልብ እየቀለቡት ነው። እናታችን የግላሱን ዘርፍ እየጠገነች ነው፤ በዚያው ለዳማዋም አንድ ቀይ ክር አንገቷ ላይ አስራላታለች። አጎታችን በየማለዳው ቦራውን በግራ ያዞረዋል። ትናንት ሲደውል፣ "ከአምስት ሦስቱን እሺ አለኝ" ብሎናል። መንገዱ ሰላም ከሆነና ፈተናው ከቀኑ ካልተጋጨ እኛም እንሄዳለን፤ ሜዳው ዳር ቆመን የምናየው ደግሞ በተራችን እኛ እንሆናለን። ጥር 24 ቀን የሚነሣው ክርክር ጥር 24 ቀን ይነሣል።