«ቆመህ ጠብቀኝ» ስትገዙ ናሱን ሳይሆን ብረቱን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ «የባህል ምግብ ቤት» በተከፈተ ቁጥር ግድግዳው ላይ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። ጋሻ አለ፣ አገልግል አለ፣ የነብር ቆዳ ነኝ የሚል ባለነጠብጣብ ጨርቅ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባንኮኒው አናት ላይ በሁለት ሚስማር የተንጠለጠለ አሮጌ ጠመንጃ አለ። አሁን አሁንማ ነገሩ ከምግብ ቤት አልፎ ሳሎን ገብቷል። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ወጣቶች ሶፋና ቴሌቪዥን ከገዙ በኋላ «አንድ የድሮ ጠመንጃ ቢኖር እኮ ቤቱ ሞገስ ያገኝ ነበር» ማለት ጀምረዋል። ሞገሱን አልጠላሁም። ግን ከመካከላችሁ የሰቀለውን ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ያረጋገጠ ስንት ነው?

ያለ ምክንያት አይደለም የምጠይቀው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ለሠርግ ወደ መንዝ ልሄድ ስነሣ፣ ምግብ ቤት ለመክፈት ሽር ጉድ ይል የነበረ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «ከዚያ አገር አንድ አሮጌ ጠመንጃ ፈልግልኝ» አለ። «ምን ዓይነት?» ስለው፣ «አሮጌ ነው አልኩህ እኮ! ብቻ ናሱ የሚያብለጨልጭ ይሁን» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እስከዚያ ብርዱም መንገዱም የሚቻል ነው። ጣርማበር ላይ የደሴውን መንገድ ለቃችሁ በመዘዞ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ስትታጠፉ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ድንጋይ አለ፣ ገብስ አለ፣ በግ አለ፣ ነፋስ አለ። ቤቱ የድንጋይ፣ አጥሩ የድንጋይ። ሰዉ ከበጉ ፀጉር ዝተትና በርኖስ ሠርቶ ይለብሳል፤ እኔ ግን የከተማ ጃኬቴን ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ከመሐል ሜዳ ከፍ ሲሉ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት የጓሳ ሣር አለ፤ ከመንዝ በስተሰሜን ግሼ ይቀጥላል፤ በምዕራብ በኩል ገደሉን ተሻግሮ መርሐቤቴ ነው። (ጉዞዬ ከጦርነቱ በፊት ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ አካባቢው ሰላም ርቆት ስለከረመ፣ ልሂድ የሚል ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ የአገሩን ሰው ይጠይቅ።)

መንዝ ጠመንጃ ቢገኝ አይገርምም። የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቆጠረው ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ነው። ከዘር ልጆቹ አንዱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ የጠመንጃ ወዳጅ ነበሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልዕክተኛ አንኮበር ድረስ ሲመጣ፣ ከገጸ በረከቱ መካከል ልባቸውን የማረከው ጠመንጃና መድፉ ነበር። ያ ሁሉ ጠመንጃ ታዲያ የዛሬው ዓይነት አይደለም። ባሩዱ ከአፉ ይጨመራል፣ ከላዩ አረሩ ይገባል፣ በቀጭን ዘንግ እየተገፋ እስከ ቂጡ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው እሳት የሚለኮሰው። የሠለጠነ ወታደር እንኳ በደቂቃ ከሁለት ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስበትም። አገሬው «ቆመህ ጠብቀኝ» ያለው ወዶ አይደለም! ጠላትህን «አንዴ ስቼሃለሁ፣ እስካጎርስ ድረስ እዚያው ጠብቀኝ» እንደማለት ነው።

ከሠርጉ ማግሥት ነገሬን ያጫወትኳቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው የጠመንጃ ጥገና ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ። የገብስ ጠላ እየቀዱልኝ «ልጄ፣ ለምንህ ነው?» አሉኝ። ለግድግዳ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁና «ግድግዳማ በሬ አይገዛም፣ ጠመንጃ ለምኑ ነው!» አሉ። ቢሆንም አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ጠመንጃ መሸጥ እንደሚፈልጉ ያውቁ ኖሮ፣ ወደ እሳቸው ቤት ወሰዱኝ።

ጠመንጃው ከመደቡ በላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል። የአክስቴ ልጅ ቢያየው ይደንስ ነበር። ሦስት የናስ ቀለበት፣ ሰደፉ ላይ በሚስማር የተሠራ ጌጥ፣ ርዝመቱ የእኔን ቁመት ሊያክል ምንም አልቀረው። እኔም ናሱን ማሻሸት ጀመርኩ። ሽማግሌው እጄን በቀስታ ገለል አደረጉና፣ «ናስ እኮ ዛሬም ገበያ ላይ ይሸጣል። እንጨትም ማንም ይጠርባል። ጠመንጃ ማለት ብረቱ ነው» አሉኝ። ብረቱ የሚሉት እኛ አፈሙዝ የምንለውን ሙሉውን ቱቦ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሳዩኝን እንደ ቅደም ተከተሉ ላውራችሁ። መጀመሪያ በመዳፋቸው ከኋላ እስከ አፉ ዳሰሱት። ብረቱ ባሩዱ በሚቀመጥበት በቂጡ በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ አፉ ቀስ እያለ መቅጠን አለበት፤ ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነውና። መሐል ላይ እጅ የሚያቆም ጉብታ ካለ ብረቱ አብጧል ማለት ነው። ያ የሚመጣው ተኳሹ አረሩን እስከ ባሩዱ ሳያደርስ ሲተኩስ፣ ወይም አፉ ውስጥ ጭቃ ሲወተፍ ነው። አንዴ ያበጠ ብረት ቀጥሎ ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው ደግሞ የተኳሹ ግራ እጅ ካለበት ብዙም ሳይርቅ ነው።

ቀጥሎ የእናትየውን ትንሽ መስተዋት ለመኑና የበሩን ፀሐይ ወደ አፉ አበሩበት። ቂጡ ዝግ ስለሆነ እንደ ዘመናዊ ጠመንጃ ከኋላ አጮልቆ ማየት አይቻልም፤ መላው መስተዋት ነው። ደህና ብረት ከሆነ ብርሃኑ እንደ ቀለበት ክብ ክብ እየሠራ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ ከተጣመመ ወይም ከተቆረጠ ብረቱ ተመትቷል ወይም ተበልቷል። የባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ይስባል፤ ተኳሹ በዕለቱ በፍል ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ካልቀባው ውስጡ እንደ ፈንጣጣ ፊት ይበሳሳል። በመንዝ ጉምማ አይነገርም።

ሦስተኛው የብረቱ ስፌት ነው። ለካ የድሮ ጠመንጃ ብረት እንደ ዛሬው ከአንድ ድፍን ብረት ተቦርቡሮ የሚወጣ አልነበረም! አንጥረኛው ጠፍጣፋ ብረት አግሎ በዘንግ ዙሪያ ይጠቀልልና እየቀጠቀጠ ያጣብቀዋል። ተራው ጠመንጃ ስፌቱ ከቂጥ እስከ አፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የተሻለው እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይዞራል፤ ብረትና አረብ ብረት አብሮ የተገመደበት ደግሞ ላዩ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ ጌጥ ይታያል። ስፌቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ነገር አለቀ። ስለዚህ ጎበዝ፣ አሮጌ ጠመንጃ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉ! ቡናማው ቆዳ ብረቱን የሚጠብቅ ነው፤ ስትፈግፍጉት ስፌቱንም ማኅተሙንም አብራችሁ ታጠፋላችሁ።

ማኅተም ካልን አይቀር፣ ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ በምትባል ከተማ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት አለ፤ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ከልክ በላይ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሱበታል፣ ካልፈነዳ ማኅተም ይመቱበታል። ማኅተሙ በዕንቁላል ቅርጽ ውስጥ የተጻፉ «ኢ፣ ኤል፣ ጂ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ናቸው። ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከላዩ ዘውድ ተጨምሮበታል። ይህችን ዘውድ ልብ በሏት፣ እመለስባታለሁ።

የሊዬዥ አሮጌ ጠመንጃ ወደ ሸዋ ስለመምጣቱ በጣም የታወቀ ታሪክ አለ። ነጋዴው የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ግጥም ከተወ በኋላ ታጁራ ላይ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ምኒልክ ሊነግድ ተነሣ። በታኅሣሥ 1885 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ የሸቀጡን ነገር አልደበቀም፦ ካፕሱል እየተደረገ የሚተኮስ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ጊዜው ያለፈበት፣ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ ጠመንጃ ነው፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። እንዲህ አስቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት በግመል አስጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ በየካቲት 1887 እ.ኤ.አ. አንኮበር ደረሰ።

ንጉሡ ግን የዋህ ገዢ አልነበሩም። ሐረርን ይዘው እንጦጦ ሲመለሱ፣ ከኋላ በኩል የሚጎርሰውን ረሚንግተን ከቆመህ ጠብቀኙ ለይተው ያውቁ ነበር። የራምቦን ሸቀጥ ካሰበው በብዙ ባነሰ ዋጋ ጠቅልለው ወሰዱ፤ ገንዘቡንም እዚያው አልቆጠሩለትም፣ ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ ሄደህ ተቀበል አሉት። የሞተው ሸሪኩ አበዳሪዎች ደግሞ እሱኑ ያዙት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ሲዋዋሉ ያስገቡት ቃል 5,000 ረሚንግተን ነው። እኔ በበኩሌ ለራምቦ አላዘንኩለትም።

ወደ እናትየው ቤት ልመልሳችሁ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ከእንጨቱ ሥር ዘንጉን መዘዙና በአፉ በኩል ከተቱት። ሄዶ ሲቆም አፉ ጋ በጥፍራቸው ያዙት። አወጡትና ከውጭ፣ ከብረቱ ጎን አስተኙት። የዘንጉ ጫፍ እሳት የምትገባበት ቀዳዳ ዘንድ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። አራት ጣት ጎደለ።

ሽማግሌው አልተናገሩም፤ አፉን ከልጆቹ ወደ ግድግዳው አዞሩት ብቻ። ሁለት የልጅ ልጆች መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። «እነዚህ ሲጫወቱበት ነው የኖሩት» አሉ እናትየው በዝቅተኛ ድምፅ። ከዚያ ቀስ ብለው እውነቱን አወጡ። ባላቸው ሊሞቱ ሲሉ «እንዳትነኪው፣ አባቴ እንዳጎረሰው ነው» ብለዋቸው ነበር። ጠመንጃውን ሊሸጡ የተነሡት ገንዘብ ቸግሯቸው ሳይሆን ፈርተውት ኖሯል!

ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ዕድሜ አይገድበውም። አያት ያጎረሰውን የልጅ ልጅ ሊተኩሰው ይችላል። ሽማግሌው ለብ ያለ ውሃ በአፉም በቀዳዳውም አፍስሰው ጠመንጃውን ደጅ አሳደሩት። በማግሥቱ በዘንጉ ጫፍ ጠምዛዛ ብረት አስረው ቀስ እያሉ ሲስቡ፣ መጀመሪያ የበሰበሰ ጨርቅ፣ ቀጥሎ የዛገ አረር፣ በመጨረሻ እንደ ቀለም የጠቆረ ውሃ ወጣ። እናንተ ግን ይህን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ የጎደለ ዘንግ ካያችሁ አፉን ከሰው አዙሩ፣ አትነካኩት፣ ለፖሊስ ወይም ለሚያውቅ ባለሙያ ንገሩ።

እናትየው ባዶነቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ «እንግዲህ ካላስፈራኝ ለምን እሸጠዋለሁ? ይቀመጥ» አሉ። ሸማኔው የሠራላቸውን ዝተት ሸጡልኝ። የአክስቴ ልጅ ለአንድ ወር አኮረፈኝ፤ ዝተቷ ግን ዛሬም አልጋዬ ላይ አለች።

ሕጉንም እወቁት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መግዛት፣ መሸጥና መያዝ ያስጠይቃል። «ጌጥ ነው፣ አይተኩስም» የሚለውን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ጠይቁ። ውጭ ላለ ዘመድ ልልክ የምትሉ ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ አትርሱ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

በሌላ ጊዜ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጌ፣ ጀማን ወርጄ ወጥቼ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ደርሼ ነበር። እዚያ አንድ ጎረምሳ ወሬዬን ሰምቶ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። «ራምቦ የሚሉት ፈረንጅ ለምኒልክ ያመጣው ነው» አለኝ። እኔም እንደተማርኩት ናሱን ትቼ ማኅተሙን ፈለግኩ። ከፊደሎቹ በላይ ዘውዷ ቁጭ ብላለች! ራምቦ አንኮበር ከገባ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣች ዘውድ። ይሄስ ይሁን ብዬ ትንሿን ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ፣ ጠርዙ ላይ የቧንቧ ጥርስ ነካኝ። ማኅተሙን ከሌላ አሮጌ ብረት ላይ ቆርጦ የውሃ ቱቦ ላይ በይዶታል። ዓይን ለዓይን ስንተያይ አላፈረም።

«እሺ፣ በግማሽ ዋጋ ውሰደው» አለኝ።