ተዋናይ በየትኛው ቋንቋ ይሠለጥናል?

ለተዋናይ የተፈጥሮ ተሰጥዎ ብቻ ይበቃዋል የሚለው አስተያየት ዛሬም ደጋፊ አላጣም። የድራማ ትምህርት ቤት የሚቋቋመው ግን ድምፅም፣ አካልም፣ የመድረክ ሥነ ሥርዓትም በትምህርት እንደሚገኙ ስለሚታመን ነው። የሚከብደው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸውም ሠልጣኙ በየትኛው ቋንቋ ይሠለጥን የሚለው ነው።

የሕንድ ብሔራዊ የድራማ ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ ለረጅም ዘመን ተሸክሞታል። ትምህርት ቤቱ በኒው ዴልሂ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው በ1975 ነው። መልክ የሰጠው ግን ከ1962 እስከ 1977 የመራው ኢብራሂም አልቃዚ ነበር። ፑኔ ከተማ ከዐረብ ቤተሰብ የተወለደው አልቃዚ፣ ሙያውን የተማረው በለንደኑ ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ነው። ተማሪው ከትወና ሌላ መብራቱን፣ አልባሳቱንና የመድረክ ግንባታውን እንዲያውቅ፣ መድረኩንም ራሱ እንዲጠርግ ያስገድድ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር በገዛ እጁ እያጸዳ አርአያ ይሆን እንደ ነበር ተማሪዎቹ ተርከዋል። መጥረጊያ መያዝ በትውልድ «ዝቅተኛ» ለተባለ ወገን በተተወበት አገር፣ ይህ ከመድረክ ሥነ ሥርዓት ያለፈ ትርጉም ነበረው።

አልቃዚ በ1963 የዳራምቪር ባራቲን «አንዳ ዩግ» ያዘጋጀው በዴልሂ በፌሮዝ ሻህ ኮትላ ፍርስራሽ መካከል ነው። ተውኔቱ የማሃባራታን ጦርነት የመጨረሻ ቀን የሚያሳይ፣ በሂንዲ የተጻፈ ሥራ ነው። ጣሪያ በሌለበት ሥፍራ ትንፋሹን መቆጠብ ያልተማረ ተዋናይ የትም አይደርስም።

ሆኖም ተማሪው የሚመጣው ሂንዲ ከሚነገርበት ቤት ብቻ አልነበረም። ከቤንጋል፣ ከታሚል ናዱ፣ ከፑንጃብ፣ ከማኒፑርም ይመጣል። የሁለተኛ ቋንቋን ቃል ማጥናት ይቻላል፤ የሚያስቸግረው የቃሉ ትንፋሽ ነው። በአማርኛ «ገና» የሚለውን ቃል ማጥበቅና ማላላት በዓሉንና ያልደረሰውን ጊዜ እንደሚለይ የሚያውቅ አንባቢ፣ ችግሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ትምህርት ቤቱ ወደ ምዕራቡና ወደ ዋና ከተማው አዘንብሏል የሚለው ወቀሳም ከዚህ የመነጨ ነው። ወቀሳው መሠረት አለው፤ የአልቃዚን አሥራ አምስት ዓመታት እንዳለ መጣል ግን ግፍ ይሆናል።

ለዚህ ራታን ቲያም ምስክር ነው። ከተመራቂዎቹ መካከል እንደ ናስሩዲን ሻህና ኦም ፑሪ ያሉት በሲኒማ ስማቸውን ሲያስጠሩ፣ በ1974 የተመረቀው ቲያም ግን ወደ ማኒፑር ተመልሶ በ1976 በኢምፋል የራሱን የቲያትር ጓድ አቋቋመ። ተዋንያኑ በማኒፑሪ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አካላቸውም ታንግ ታ በተባለው የአገሩ የሰይፍና የጦር ጥበብ ይሠለጥናል። በ1984 የቀረበው «ቻክራቭዩሃ» ከዚያው ከማሃባራታ የተቀዳ ነው፤ የጠላትን ክብ ሰልፍ ጥሶ መግባት የሚያውቀው፣ መውጫውን ግን ያልተማረው የወጣቱ የአብሂማንዩ ታሪክ ነው።

ቲያም ትምህርት ቤቱን ራሱን በ1987 እና በ1988 መርቷል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2025 ድረስ፣ መኖሪያው ግን ኢምፋል ነበር። በዚያ ጓድ ውስጥ የመድረኩን ዕቃ የሚሠሩትም፣ ግቢው ውስጥ የሚበሉትን የሚያመርቱትም ተዋንያኑ ራሳቸው ነበሩ።