ስለ ውኃ አበባና ስለ ጎረቤት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ዓይኑን ደስ የሚያሰኘውን ነገር መፈለጉ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። አበባን የፈጠረ አምላክ አበባን የሚያይ ዓይንም ፈጥሯልና። ነገር ግን ደስታ ሁሉ ጎረቤት አለው። ግቢያችን ምንም ያህል ጥሩ አጥር ቢኖረው፥ በውስጡ የምናደርገው ነገር ጢሱ ወይም ሽታው ወይም ድምፁ አጥሩን አልፎ ወደ ሌላው ቤት ይገባል። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ለልጆች ሳስተምር ኖሬ፥ እኔ ራሴ የተማርሁት ግን በእርጅናዬ መግቢያ ላይ ከአንዲት ትንሽ ኩሬ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ታሪኩ የሚያስመሰግነኝ ባይሆንም ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ እንዳለ እነግራችኋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ በተሰናበትሁ ጊዜ፥ በባሕር ዳር ከተማ ካለው ቤቴ ጓሮ አንድ ባዶ ስፍራ ነበረኝ። ጊዜም ተረፈኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የውኃ አበባን እወድ ስለ ነበር በዚያ ስፍራ ኩሬ ለመሥራት አሰብሁ። በጣና ዳር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ይህን አበባ ያውቀዋል። ደንገሉ በበቀለበት አጠገብ፥ ማዕበል በማይደርስበት ጸጥ ባለ ውኃ ላይ፥ ቅጠሉን እንደ ሰፌድ ዘርግቶ ሰማያዊ አበባውን ቀና አድርጎ የሚታየው ነው። ይኸው ሰማያዊ አበባ በዓባይ ሸለቆ እስከ ግብፅ ድረስ የታወቀ ነው። የጥንት ግብፃውያን በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ ሥለውታል፤ ንጉሥ ቱታንክአሙን በተቀበረ ጊዜ ከሬሳው ጋራ ከተቀመጡት የአበባ ጉንጉኖች መካከልም ይህ አበባ ይገኝባቸዋል።

ኩሬዬን ርዝመቱን 4 ሜትር፥ ወርዱን 3 ሜትር፥ ጥልቀቱን 80 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አስቆፈርሁ፤ በድንጋይና በሲሚንቶ አስገነባሁት። አዲስ ሲሚንቶ ውኃውን ያበላሻልና ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስት ጊዜ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ ከአንድ አትክልተኛ አራት ሥሮች ገዛሁ። የውኃ አበባ ሥሩን በጭቃ ውስጥ ካልተከለ አይኖርም፤ ስለዚህ በሰፋፊ ሳፋዎች ዋልካ አፈር ሞልቼ፥ ሥሩን አጋድሜ ተከልሁት፤ የቡቃያውን ጫፍ ግን ከአፈሩ በላይ ተውሁት። አፈሩ በውኃው እንዳይታጠብ በላዩ አሸዋ አለበስሁት። ሳፋዎቹንም በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ አላወረድሁም። መጀመሪያ በጡብ ላይ አስቀምጬ፥ ቅጠሉ ባደገ ቁጥር ጡቡን እየቀነስሁ ዝቅ አደረግኋቸው። ልጅም የሚያድገው እንዲሁ ነው፤ ገና ሳይጠና ወደ ጥልቁ የጣሉት እንደ ሆነ ብርሃን ሳያይ ይቀራል።

የዚህ ተክል አፈጣጠር የሚያስደንቅ ነው። የሌሎች ዛፎች ቅጠል የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ሥር በኩል ይገኛሉ፤ የውኃ አበባ ግን በውኃ ላይ ተኝቶ ስለሚኖር ቀዳዳዎቹ በላይኛው ፊት በኩል ናቸው። አገዳውም ውስጡ እንደ መቃ ባዶ ሆኖ፥ አየር ከላይ እስከ ጭቃው ድረስ ወርዶ ሥሩን ያጠግበዋል። አበባው ጧት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይከፈታል፤ ከቀትር በኋላ ይከደናል። እንዲህ እያለ ሦስት ወይም አራት ቀን ከቆየ በኋላ አገዳው ጎንበስ ብሎ ወደ ውኃው ይገባና ፍሬውን በዚያ ያበስላል። ፀሐይን አጥብቆ ይወዳል፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ካላገኘ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። የሚፈስስ ውኃም አይስማማውም።

በሁለተኛው ዓመት ኩሬው አማረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና እስኪፈላ ድረስ ወደ ጓሮ እወስደው ነበር። ሰውም ሲያደንቅ እኔ አበባውን የፈጠርሁት ያህል ደስ ይለኝ ጀመር። ስለ አተካከሉ ያነበብሁት መጽሐፍ ቅጠሉ የኩሬውን ፊት ግማሽ ወይም ቢበዛ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ይሸፍን፥ የቀረው ውኃ ክፍት ይሁን፥ ያረጀውም ቅጠል ከሥሩ ይቆረጥ ይላል። እኔ ግን ውኃው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ማየት ስለ ወደድሁ አንድም ቅጠል አልቈረጥሁም። ዓሣም አልጨመርሁበትም፤ ቡቃያውን ይበላብኛል ብዬ ፈራሁ። እንግዲህ ጥፋቴ የተጀመረው በዚህ ነው፤ ሳላውቅ ሳይሆን እያወቅሁ።

በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማለዳ ጎረቤቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቴ መጣች። ባሏ የሞተባት፥ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጁም ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፥ ልጄ ወባ ይዞት ተኝቷል። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጥተውታል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ እስቲ የኩሬዎን ውኃ አንድ ጊዜ ይዩት» አለችኝ።

እኔም ነገሩ ከበደኝ። ወዲያው መልስ መስጠት ጀመርሁ። ክረምት በወጣ ጊዜ በየመንገዱ ውኃ እንዳቆረ፥ ቦዩም እንዳልተጠረገ፥ ልጁን የነከሰችው ትንኝ ከየት እንደ መጣች ማንም ሊያውቅ እንደማይችል አስረዳኋት። ይህም ሳይበቃኝ ክሎድ ሞኔ ስለሚባለው ስለ ታላቁ የፈረንሳይ ሠዓሊ ነገርኋት። ይህ ሰው በ1893 እ.ኤ.አ. ዢቬርኒ በምትባል መንደር ለውኃ አበባ ኩሬ ሊሠራ ከወንዝ ውኃ ለመጥለፍ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ፥ ገበሬዎቹ ባዕድ ተክሉ ውኃችንን ይመርዝብናል ብለው ተቃውመውት ነበር። ፍርሃታቸው ግን መሠረት አልነበረውም። ሠዓሊው ፈቃዱን አግኝቶ እስከ ሞተበት እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ድረስ ያን ኩሬ ሲሥል ኖረ፤ ስለ ውኃ አበባ የሣላቸው ሥዕሎችም 250 ያህል ናቸው። ይህን ሁሉ የነገርኋት እኔን ከሞኔ፥ እርስዋን ከገበሬዎቹ ጋራ ለማስተካከል ነበር።

ሴትዮዋ እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻም፦ «እሺ ጋሼ፤ እኔ የተማርሁ አይደለሁም። ማታ ማታ ግን ከአጥርዎ በኩል የሚመጣውን እሰማለሁ» አለችና ተሰናብታኝ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ትክክል መሆኔን ለራሴ ስነግር ዋልሁ። ትክክል የሆነ ሰው ግን ይህን ያህል አይደክምም። በማግሥቱ በልጅነቴ በተማርሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበረች አስተማሪ ትዝ አለችኝ። ለያንዳንዳችን አንድ መደብ አትክልት ሰጥታን፥ የበቀለውን በደብተር ታስጽፈን ነበር። አንድ ቀን መደቤን ሳላይ «ባቄላዬ ደኅና ነው» ብዬ በጻፍሁ ጊዜ እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ ባቄላው በትል ተበልቶ አልቋል። «ያየኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን ሂድና እይ» አለችኝ። እኔም ይህን ቃል በሕይወቴ ሁሉ ለተማሪዎቼ ስደግመው ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ከወጥ ቤት ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ወደ ኩሬው ወረድሁ። መካከሉን ቀዳሁ፤ ንጹሕ ነበር፤ ልቤም ደስ አላት። ቀጥሎ ከዳር፥ ያረጁት ቅጠሎች ተደራርበው ከታጠፉበት ስር ቀዳሁ። በሳህኑ ውስጥ እንደ ክር ቍራጭ ያሉ ነገሮች ይወራጩ ነበር። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠለጠሉ፤ ሌሎቹ ግን እንደ ገለባ በውኃው ፊት ላይ ጋደም አሉ።

ወጣቶች ሆይ፥ እኔ ይህን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደ ሣልሁት ቍጥሩን አላውቀውም። ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የተራዋ ትንኝ እጭ ነው፤ በውኃው ፊት ላይ ጋደም የሚለው የወባ ትንኝ እጭ ነው። እንቍላሉ ወደ እጭ፥ እጩ ወደ ሙሽሬ፥ ሙሽሬውም ወደ ባለክንፍ ትንኝ ለመለወጥ እንደ ሙቀቱ መጠን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሮናልድ ሮስ የሚባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. በህንድ አገር የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳገኘ፥ ስለዚህም ሥራው በ1902 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት እንደ ተቀበለ አስተምሬአለሁ። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የወረደው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ መገመቱን አስተምሬአለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማርሁት ሰውዬ ትንኝን በጓሮዬ በሲሚንቶ ቤት ሠርቼ፥ አረንጓዴ ጣራ አልብሼ አሳድጋት ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

አስተውሉ፤ ለሴትዮዋ የተናገርሁት ቃል ሐሰት አልነበረም። ልጁን የነከሰችው ትንኝ ከኔ ኩሬ ትውጣ ከመንገዱ ውኃ እስከ ዛሬም አላውቅም። የዢቬርኒ ገበሬዎች ታሪክም እውነት ነው። ነገር ግን እውነትን ለመሸሸጊያ አደረግሁት። እነዚያ ገበሬዎች ተሳስተው ነበር፤ የኔ ጎረቤት ግን አልተሳሳተችም፤ ማን እንደ ተሳሳተ የሚታወቀው ደግሞ ውኃው ሲታይ እንጂ ታሪክ ሲጠቀስ አይደለም።

ያን ዕለት ብርቱካን ገዝቼ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድሁ። ልጁ በመደቡ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ትኩሳቱ ግን ጋብ ብሎለት ነበር። ባየኝም ጊዜ ሊነሣ ሞከረ። ለናቱ፦ «ልጄ፥ ውኃውን አየሁት፤ ያልሽው እውነት ነው። ኩሬውን ዛሬ አስደፍነዋለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። በሽበቴ ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። እርስዋ ግን ደንግጣ፦ «ኧረ ጋሼ! እኔ መቼ ድፈኑት አልሁ? ይዩት ነው እንጂ ያልሁት» አለችኝ።

እኔም እያዘንሁ ቅጠሉን እኩሌታውን ቈረጥሁት፤ ያረጀውንም ሁሉ ከሥሩ አወጣሁ። ከዓሣ አስጋሪዎችም ትናንሽ ቆሮሶ አምጥቼ ጨመርሁ፤ ግልገል ቆሮሶ የትንኝን እጭ ይበላልና። ካደገ ግን ቅጠሉንም መቅመስ ስለሚጀምር ትልልቆቹን እያወጣሁ በትናንሾች እተካቸዋለሁ። ሕፃን እንዳይገባበትም ዙሪያውን በእንጨት አጠርሁት። ልጁም ከዳነ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ነጭ ጭልፋ ይዞ እየመጣ የኩሬውን ዳር ሁሉ ይቀዳል። እጭ ትንኝ ሳይሆን እንዲደረስበት በየሳምንቱ መታየት አለበት። ያየውንም በደብተር ይጽፋል። አንዳንድ ቀን «ጋሼ፥ ዛሬ የለም» ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሦስት ወይም አራት እጭ አግኝቶ በኩራት ያሳየኛል። በዚያ ቀን አላፍርም፤ መቍረጫዬን አነሣለሁ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ አበባ መትከልን አትተዉ፤ የተዋበ ግቢ ለመንደሩ ሁሉ ክብር ነው። ነገር ግን ሰው ወደ ደጃችሁ መጥቶ «ሥራህ ጎዳኝ» ባላችሁ ጊዜ፥ መልሱን በምላሳችሁ አትፈልጉ፤ አስቀድማችሁ ሂዱና እዩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ጎረቤት በክፉ ቀን ስለሚደርስ ብቻ አይደለም፤ እኛ የማናየውን የኛን ጓሮ ስለሚያይልንም ነው። ትምህርታችሁም በበዛ ቁጥር ከዚህ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ያልተማረ ሰው ስሕተቱን የሚሸሽግበት ቃል ያጥረዋል፤ ለተማረ ሰው ግን የመሸሸጊያ ቃል ሞልቶለታል።

የኩሬዬ ፊት ዛሬ እኩሌታው ክፍት ነው። አበባው ከቀድሞው ያነሰ ሲሆን፥ በክፍቱ ውኃ ላይ ሰማይ ይታይበታል፤ ጎረቤቴም በምሽት በሯን ከፍታ ትጋግራለች።