የተረፈ እርሾ

እርሾ መጀመሪያው አይታወቅም። የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ከላዩ የሚጠልለው ያ ቢጫማ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ከዚያኛውም ላይ ለሌላው። የዛሬው እንጀራ የትናንቱ ልጅ ነው፤ የትናንቱም የከትናንት ወዲያው። ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ካለ ቁጥሩ ሳያልቅ ጉልበቱ ያልቃል።

የእኔ እርሾ ግን የልደት ቀን አለው። ከአሥር ዓመት በፊት እናቴ ሜሪላንድ ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ ሦስት ወር ስትቆይ፣ የጤፍ ዱቄት በውሃ ለውሳ፣ በራሱ ጊዜ እስኪኮመጥጥ ጠብቃ፣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ እርሾ ትታልኝ ሄደች። እኔ ደግሞ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ፤ እንጀራ የምጋግረው በወር ሁለቴ ቢሆን ነው። እርሾ ፈረቃ አያውቅም። ማቀዝቀዣ ውስጥም ሆኖ ይርበዋል፤ ዱቄትና ውሃ ሲጨመርለት ይበዛል፤ ሲበዛ ይቀነሳል። የአሜሪካ ዳቦ ጋጋሪዎች ይህን የሚቀነሰውን «የሚጣለው» ብለው ይጠሩታል። እናቴ ስትደውል ከጤንነቴ ቀጥላ የምትጠይቀኝ እርሾውን ነው፤ «ደፋሁት» እንዴት ብዬ ልበላት?

መላው የተገኘው ከዚሁ ከአሜሪካኖች ወጥ ቤት ነው፤ ዋፍል። ዋፍል በሁለት የጋሉ ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ የሚበስል፣ ከአውሮፓ የመጣ ምግብ ነው። ኮርኔሊየስ ስዋርትዋውት የተባለ የኒውዮርክ ግዛት ሰው ለመጋገሪያው ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1869 ነበር። እርሾን ማክበርም የእኛ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ክሎንዳይክ ወርቅ ፍለጋ የዘመቱ ሰዎች እርሾአቸው በብርድ እንዳይሞት ከልብሳቸው ሥር ሸጉጠው ይጓዙ ነበር። ዛሬም በአላስካ ብዙ ክረምት ያሳለፈ ሰው «ኮምጣጣ ሊጥ» ይባላል፤ እንደ ማዕረግ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ አንድ ኩባያ የተረፈ እርሾ፣ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄትና አንድ ኩባያ ወተት አዋሕጄ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራለሁ። ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ሁለት ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ ቁንጥጫ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እጨምርበታለሁ። ሶዳው ከእርሾው አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሊጡ ዓይኔ እያየ ኩፍ ይላል።

ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እንጀራ «ይኮመጥጣል» ብላ ትገፋለች፤ ያንኑ ኮምጣጣ በዋፍል መልክ ማር አፍስሳበት ትጨርሰዋለች። አንድ ቅዳሜ ከወጥ ቤት ጮኻ ጠራችኝ፤ «አባዬ፣ ኩፍ ብሏል!» አለች። ያስተማራት አልነበረም። ሊጡን እያየች፣ እኔን እየሰማች፣ ቃሉን ራሷ አነሣችው።

ቢሆንም ቅር ይለኝ ነበር። ለእንጀራ የተተወልኝን አደራ ለባዕድ ምግብ አዋልሁት እያልሁ አስብ ነበር። በመጨረሻ ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ከተረፈው ሊጥ ለልጅ መጋገር መቼ ተጀመረ?» አለችኝ። «አንተን በእንጎቻ አይደል እንዴ ያሳደግሁህ?»

አንባቢዬ፣ እንጎቻን ታስታውስ ይሆናል፤ ጋጋሪዋ ሥራዋን ስትጨርስ በቀረው ሊጥ ለልጆች የምትጋግራትን ያችን ትንሽ እንጀራ። ምጣዱ ዙሪያ ቆመን የምንጠብቃት፣ ጣታችንን እየፈጀችን የምንሻማት እርሷን ነበር። ትልቁ እንጀራ ለመሶብ ነው፤ እንጎቻ ግን የእኛ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋፍሉን ስጋግር ቅሬታ የለብኝም፤ ቅርጹ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ እንጎቻ ነው።

ዘንድሮ ልጄ ለትምህርት ከቤት ልትወጣ ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አጥባ አምጥታ «ትንሽ ስጠኝ» አለችኝ፤ በአማርኛ። ለእንጀራ ይሁን ለዋፍል አልጠየቅኋትም። ግማሹን ቀዳሁላትና፣ «ክዳኑን እንዳታጠብቂው፤ ይተነፍሳል» አልኋት።